ሕንፃው ቀርቶ ሰፈሩ ሲሄድ፦ ፒያሳና የሙስሊሙ ድርሻ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ ክርክሩ በሁለት ወገን ተከፍሏል። አንዱ «ያረጀና የተጎሳቆለ ሰፈር ነበር፤ አሁን ከተማዋ አማረባት» ይላል። ሌላው «ታሪካችን ጠፋ» ብሎ ያዝናል። እኛ ግን ገና ያልተነሳ ጥያቄ አለን፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሙስሊሙ ድርሻ ምን ነበር? ማስረጃውስ በማን እጅ ነው?

አራዳ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ የመኑ ዓረብና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወገናችን ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተውበታል። ከጉጃራት የመጣው የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት በዘመኑ ከታላላቆቹ አስመጪና ላኪዎች አንዱ ሲሆን፣ ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ከአገር አባሮታል። ለአፄ ምኒልክ ከሠሩት ስመ ጥር ግንበኞች መካከልም ህንዳዊው ወሊ መሐመድ ይገኝበታል። ዛሬ የአዲስ አበባ ጥንታዊ ቤት መለያ አድርገን የምናየው የእንጨት በረንዳና ጌጠኛ መከታ የህንዳውያን አናጢዎች እጅ አለበት።

አብሮ መኖሩ በስሞችም ላይ ይታያል። ፒያሳ የሚገኘውን ኑር መስጂድ ብዙው ሰው «በኒን መስጂድ» ይለዋል። በኒን ከኤደን የመጡ አይሁዳውያን ነጋዴዎች የቤተሰብ ስም ነው። ሙስሊሙ መስጂዱን በአይሁድ ጎረቤቱ ስም ሲጠራ ቅር አላለውም።

ታዲያ እነዚያ ቤቶች ለምን ተጎሳቆሉ? እርጅና ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የነጋዴው መኖሪያ የቀበሌ ቤት ሆኖ ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። ተከራዩ የእኔ ነው ብሎ አያድሰውም፤ ቀበሌውም ከትንሿ ኪራይ ተርፎት አይጠግነውም። አሥርተ ዓመታት አልፈው ቤቱ ሲዘም «ለኑሮ የማይመች» ተባለ። ነዋሪው ንጹሕ ቤት ማግኘት ሐቁ ነው፤ ይህን አንክድም። ግን ቤቱን ያስረጀው አሠራር ማፍረሻ ምክንያት ሲሆን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቋሚ ቅርስ ከባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ጥበቃው በተግባር የሚደርሰው ግን በአንድ በአንድ ለተመዘገበ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ሊተርፍ ይችላል፤ ዙሪያው ያለው ሰፈር ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም። ለመስጂድ ደግሞ ሰፈር ማለት ጀማዓ ነው። ፈጅርን የሚሰግደው፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ይዞ የሚመጣው፣ ጀናዛ የሚሸኘው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲበተን መስጂዱ ቀን ቀን በአላፊ አግዳሚ፣ ጁሙዓ በእንግዳ ይሞላል። ታሪኩን የሚነግር ግን አይኖርም።

ስም ብቻውን ታሪክን እንደማይጠብቅ ሽጎሌን አይተን መረዳት እንችላለን። የሰፈሩ ስም የቤኒ ሻንጉል ገዥ ከነበሩት ከሼኽ ሆጀሌ ስም የመጣ ነው። ዛሬ «ሽጎሌ» ብሎ ታክሲ ከሚሳፈረው ሰው ስንቱ ይህን ያውቃል?

ስለዚህ ሥራው ከእኛ ይጀምራል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ነባር መስጂዶችን፣ የወቅፍ ቤቶችንና የመቃብር ቦታዎችን መዝግቦ፣ ካርታና ውል አሰባስቦ፣ ለቅርስነት የሚበቁትን ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ይችላል። የየመስጂዱ ኮሚቴ መስጂዱን ማን እንዳሠራው፣ መሬቱን ማን ወቅፍ እንዳደረገው ከአዛውንቶች ጠይቆ በድምፅና በጽሑፍ ማስቀረት አለበት። ከሰፈሩ የተነሱ ወገኖችም በየቤታቸው ያለውን አሮጌ ፎቶና የኪራይ ደብተር አይጣሉት።

ይህ ልማትን መቃወም አይደለም። የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ አልፎ ወደ ሌሎች ሰፈሮችና ከተሞች ሄዷል። መለኪያው ቦታ መድረሱ ካልቀረ፣ ሰነዱ ቀድሞት ይድረስ። አባቶቻችን የተዉልን አማና ነው፤ ለልጆቻችን የምናደርሰውም እኛው ነን፣ ኢንሻአላህ።