ባሏ የሞተባት ወጣት ወደ ዱቡሻ ትሂድ ወይስ ወደ ፍርድ ቤት?

በጋሞ አገር ካምባ ላይ በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት ሴት ኑሮዋን እንደገና ስታቆም፣ ቀድማ የማንን ደጅ ትርገጥ፤ የሽማግሌዎቹን ሸንጎ የዱቡሻን ወይስ የፍርድ ቤትን? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ሽማግሌ ይቅደም

በካምባ ደጋ የቤት ጓዳ የሚሞላው በእንሰት ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስም መፋቁና በጉድጓድ ማብላላቱ የጎረቤት ሴቶችን እጅ ይፈልጋል፤ ማሳውን የሚቆፍርላትም ብዙ ጊዜ የባሏ ወንድም ነው። እነዚህን ሰዎች በክስ መጥሪያ ከጠራቻቸው፣ ብትረታም ክረምቱን ብቻዋን ትገፋዋለች።

የጋሞ ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚደመጥ አገር አይቷል። መስከረም 2011 በቡራዩ የወገኖቻቸው መገደል ያስቆጣቸው ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሱ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሷቸው። ያን ቁጣ ያበረዱ ሰዎች የአንድ ቤተሰብ የመሬት ጠብ አያቅታቸውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ የቤተሰብ ክርክር በባህል ሕግ እንዲዳኝ ፈቅዷል።

መደበኛው ሕግስ ለእሷ ለጋስ ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስትን ከወራሾች ተራ አላስገባትም። ልጅም ኑዛዜም ከሌለ፣ የጋራ ንብረቱን ግማሽ ይዛ የቀረውን ለባሏ ዘመዶች ትለቃለች። ሽማግሌ ግን ከአንቀጹ አልፎ ሊማልድላት ይችላል።

የመሬት ደብተሯ ይቅደም

ወንድሜ የጠቀሱት አንቀጽ የቆመው በስምምነት ላይ ነው። ሐዘን ላይ ያለች የሃያ ዓመት ሴት፣ በልማድ ወንዶች በሚሰየሙበት ዱቡሻ ፊት «እሺ» ብትል፣ ሌላ ምን ምርጫ ኖሯት ነው? አባቶች ለሰላም የከፈሉትን አከብራለሁ። ሆኖም ጠብ ማብረድና መብት ማስከበር ይለያያሉ፤ ጠቡ የበረደው እሷ ዝም ስላለች ሊሆን ይችላል።

በብዙ የደቡብ ማኅበረሰቦች የሚታወቀው የውርስ ጋብቻም የሚገባው በዚሁ በር ነው። መሬቱና ልጆቹ ከጎሳው እንዳይወጡ ተብሎ የሟች ወንድም ያገባታል። ይኸው አንቀጽ 34 ግን ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል።

ስለ ውርሱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ደብተሩ ይቅደም የምለውም ለዚህ ነው። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት የገጠር መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ስሟ ያለበትን ይዞታ ከማንም አትወርስም፤ ድሮም የራሷ ነው። እንሰቱንስ ፍግ ተሸክማ ያሳደገችው ማን ሆነና?

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እህቴ፣ ደብተር መሬቱን ያስከብራል እንጂ ቆፋሪ አያመጣም። ያለ ፈቃዷ መዳርን እኔም አልደግፍም። ዱቡሻ እሷን ራሷን ያድምጥ፤ አላገባም ካለችም ውሳኔዋን ያክብርላት፤ የዘመድ እጅ ግን አይራቅባት።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

እንዲህ ከሆነ ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ደብተሯን ይዛ ትቅረብ። መብቷ በእጇ ያለ ሴት የምትሰጠው እሺታ የእውነት ይሆናል። ባለትዳሮች ሆይ፣ ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ደብተራችሁን አውጥታችሁ የሚስት ስም መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ነገ ሳትሉ አስጽፉ።