በሰው ጎተራ ያለ እህል፦ የአየር መንገድ ማይል ለምን ዋጋ ያጣል?

ባሕር ዳር፦ ልጅ ወይም እህት በባሕር ማዶ ያለው ቤተሰብ «ማይል እያጠራቀምኩ ነው፤ ሲሞላልኝ ለጥምቀት እመጣለሁ» የሚል ቃል በስልክ ሳይሰማ አይቀርም። ቀጠሮው ግን አንዳንድ ጊዜ ከዓመት ዓመት ይገፋል። ጥፋቱ የልጁ ላይኾን ይችላል፤ አምና ለአንድ ትኬት ይበቃ የነበረው ማይል ዘንድሮ አልበቃ ብሎ ሊኾን ይችላል። የተጠራቀመው ቁጥር ሳይጎድል የመግዛት አቅሙ የሚቀንስበት ይህ አሠራር በዓለም ታላላቅ አየር መንገዶች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል።

ማይል አየር መንገድ ደንበኛው ወደ ሌላ እንዳይሄድበት የሚሰጠው ነጥብ ነው። አሠራሩ በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲኾን አሜሪካን አየር መንገድ መርሐ ግብሩን ይፋ ባደረገ በቀናት ውስጥ ዩናይትድ ተከተለው። በዘመኑ ነጥቡ የሚሰላው በተበረረው ርቀት ነበርና ስሙም ከዚያው ወጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም «ሼባማይልስ» የተባለ የራሱ መርሐ ግብር አለው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የስታር አሊያንስ አባል በመኾኑ፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በእርሱ የሚበርር መንገደኛ ነጥቡን በሼባማይልስ ወይም በሌላው አባል በዩናይትድ መዝገብ ሊያስይዝ ይችላል።

ደረሰኙ እና ጎተራው

ነገሩን ለአርሶ አደር ለማስረዳት የመጋዘን ደረሰኝን ማንሳት ይበቃል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አሠራር ምርቱን ለመጋዘን ያስረከበ ሰው ደረጃው እና መጠኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበላል። የገበያው ዋጋ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ በደረሰኙ ላይ የሰፈረው አሥር ኩንታል ግን አሥር ኩንታል ነው። መጋዘኑ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አሥሩ ኩንታል እንደ ሰባት ይቆጠራል» ሊል አይችልም።

ማይል ላይ ይህ ጥበቃ የለም። ነጥቡን የሚሰጠው፣ በመዝገቡ የሚይዘው እና ስንቱ ነጥብ አንድ ወንበር እንደሚገዛ የሚወስነው አንድ አካል ነው። ጎተራውም ቁናውም የእርሱ ነው።

ቀድሞ መንገደኛውን የሚረዳ ሰሌዳ ነበር፤ ከዚህ ክፍለ ዓለም እዚያ ለመብረር ይህን ያህል ማይል ያስፈልጋል ብሎ በግልጽ የሚያሳይ። ዴልታ ይህን ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2015 አነሣ፤ ዩናይትድ በ2019 ተከተለ። በጀርመን የሉፍታንዛ መርሐ ግብርም ለራሱ በረራዎች በ2025 አጋማሽ ወደ ተለዋዋጭ ዋጋ ገብቷል። በሌላ በኩል ዴልታ እና ዩናይትድ በ2015፣ አሜሪካን በ2016 ነጥቡን በርቀት መስጠት ትተው በትኬቱ ዋጋ ማስላት ጀምረዋል። በርካሽ ትኬት ረጅም መንገድ የሚጓዘው ስደተኛ በዚህ ለውጥ ከተጎጂዎቹ አንዱ ነው።

የብር የውጭ ምንዛሬ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ ዋጋውም በየባንኩ ሰሌዳ ተለጥፏል። ሰሌዳው የተነሣ ማይል ሲረክስ ግን አዋጅ የለም። ባለቤቱ የሚያውቀው ትኬት ሊቆርጥ በገባበት ዕለት ነው።

አየር መንገዶቹ ለምን ይህን ያደርጋሉ?

ቀዳሚው ምክንያት የማይሉ ብዛት ነው። ዛሬ ማይል የሚገኘው በመብረር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አየር መንገዶቹ ማይሉን ለባንኮች በጅምላ ይሸጣሉ፤ ባንኮቹ ደግሞ በዱቤ ካርድ ለሚገበያይ ደንበኛ ያድላሉ። ማይሉ በየሱቁ ሲታደል ወንበሩ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ብዙ ገንዘብ ጥቂት ዕቃ ሲያሳድድ የሚኾነው እዚህም ይኾናል።

ሥራው ምን ያህል ትርፍ እንዳለው የኮሮና ወቅት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ቆመው ሳለ ዩናይትድ የማይል መርሐ ግብሩን መያዣ አድርጎ 6 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር፣ ዴልታ ደግሞ 9 ቢሊዮን ዶላር ተበድረዋል።

የአየር መንገዶቹም ክርክር ሊደመጥ ይገባል። ያልተመነዘረ ማይል በሒሳብ መዝገባቸው ዕዳ ነው፤ የወንበር ዋጋም እንደ ወቅቱ ይለያያል። ተለዋዋጩ አሠራር ጥያቄ በሚቀንስበት ሰሞን ትኬቱን በአነስተኛ ማይል ለማግኘት ዕድል የሚሰጥ መኾኑም እውነት ነው።

ሕጉ ለመንገደኛው የሚሰጠው ከለላ ጠባብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 መንገደኞች በውል መጣስ መክሰስ እንደሚችሉ ወሰነ። ኾኖም ውሉ ራሱ «ደንቡን መቀየር እችላለሁ» የሚል አንቀጽ ይዟል። በ2014 ደግሞ ከመርሐ ግብሩ የተሰረዘ አንድ ደንበኛ «በቅን ልቦና አልተስተናገድኩም» ብሎ ያቀረበውን ክስ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አድርጓል። የሀገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በመስከረም 2024 ለአራት ታላላቅ አየር መንገዶች የማይል ዋጋ ስለማርከስ እና ስለ ድብቅ ዋጋ ጥያቄ አቅርቦ ነበር።

ባለ ማይሉ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ሥራ ማስላት ነው። የትኬቱ የገንዘብ ዋጋ 1 ሺህ 100 ዶላር ነው እንበል። በማይል ሲቆረጥም 100 ዶላር ግብር እና ክፍያ አይቀርም። ቀሪው 1 ሺህ ዶላር ለሚጠየቀው ማይል ይካፈል። የሚጠየቀው 50 ሺህ ከኾነ አንዱ ማይል 2 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። ወደ 80 ሺህ ካደገ ግን 1 ነጥብ 25 ሳንቲም ብቻ ነው። ስሌቱ ማይሉን ማውጣት ይሻል ወይስ ገንዘብ መክፈል የሚለውን ይለያል። ለአጭር የሀገር ውስጥ በረራም ያው ስሌት ይሠራል፤ ዋጋው ዝቅተኛ ከኾነ በገንዘብ ከፍሎ ማይሉን ለረጅሙ መንገድ ማቆየት ይበጃል።

ሁለተኛው፣ ነጥብን በአንድ ቤት መሰብሰብ ነው። በአራት አየር መንገዶች የተበተነ ትንሽ ትንሽ ማይል የትም አያደርስም። ሦስተኛው፣ የማብቂያ ጊዜውን ማወቅ ነው። የዴልታ እና የዩናይትድ ማይል ጊዜ አያልፍበትም፤ የአሜሪካን ግን መዝገቡ ለ24 ወራት ካልተንቀሳቀሰ ይቃጠላል። አራተኛው፣ ወቅት መምረጥ ነው። በገና እና በጥምቀት ሰሞን ሁሉም ይመጣልና በማይል የሚገኘው ወንበር ይወደዳል፤ የበዓሉ ግርግር ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። አምስተኛው፣ ማይል አለመሸጥ እና ከደላላ አለመግዛት ነው። መርሐ ግብሮቹ ሽያጭን ስለሚከለክሉ ትኬቱ ሊሰረዝ፣ መዝገቡም ሊዘጋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ማይል እየረከሰ የሚሄድ ከኾነ ቶሎ መጠቀም ይሻላል። ነገር ግን በስደት ያለ ሰው የወላጁ መርዶ መቼ እንደሚደርሰው አያውቅም። በመርዶ ማግስት የሚገዛ ትኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ስለዚህ ለአንድ የደርሶ መልስ ጉዞ የሚበቃውን ለክፉ ቀን አስቀምጦ የተረፈውን በጊዜ መጠቀም ሚዛናዊ መንገድ ይመስላል። የተቀመጠውንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከወቅቱ ዋጋ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። አርሶ አደር የክፉ ቀን እህሉን አስቀምጦ አይረሳውም፤ ነቀዝ እንዳይገባበት ጎተራውን እየከፈተ ያያል።

እዚህ ቀዬ ላይ ልጁን የሚጠብቅ ወላጅም ይህን ቢያውቅ አይከፋም። «እናቴን በማይል አመጣታለሁ» ያለ ልጅ ካለ ማይሉ ሲበዛ ዋጋው አብሮ እንደማይጠብቀው መንገር ተገቢ ነው።