«ደመወዝ፦ በስምምነት» ማለት ምን ማለት ነው?

በቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ የምትከታተሉ ሁሉ ይህችን ሐረግ በደንብ ታውቋታላችሁ፦ «ደመወዝ፦ በስምምነት»። እህቷ ደግሞ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ትባላለች። አንዳንዱማ ስሙንም ይደብቅና «አንድ ታዋቂ ድርጅት» ብሎ ያልፋል። ከእኛ የሚጠየቀው ግን ሁሉም በዝርዝር ነው፦ ዲግሪ፣ ውጤት፣ የሥራ ልምድ፣ ኦርጅናልና ኮፒ፣ አንዳንዴም ዋስ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ብዙም ላያስጨንቀው ይችላል፤ ታክሲ ይዞ ሄዶ ጠይቆ ይመለሳል። ከነቀምቴ ግን ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ከጊምቢ፣ ከነጆ ወይም ከደምቢ ዶሎ ለሚነሳ ደግሞ ይብሳል። ለአንድ ፈተና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ ሲደመር ሥራ ለሌለው ልጅ ትልቅ ወጪ ነው፤ ብዙ ጊዜም የቤተሰብ ብር ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ጠይቆ መነሳቱም ሌላ ጭንቀት ነው።

እኔም ተመርቄ ሥራ በምፈልግበት ጊዜ አንድ ድርጅት ለፈተና ጠርቶኝ ሄጃለሁ። የጽሑፉን አለፍኩ፣ በማግስቱ ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ደመወዙን የሰማሁት በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ለምሳ የማይተርፍ ነበር። ያቺን አንዲት ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ቢጽፏት ኖሮ እኔ ብሬን፣ እነሱም ሁለት ቀናቸውን አናባክንም ነበር።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ከጉቶ ጊዳ ገጠር ቀበሌ ወጥታ ነቀምቴ ሆቴል ልትቀጠር የመጣች ልጅ ምግብና መኝታ አለ ወይስ ከደመወዟ ይቆረጣል የሚለውን አስቀድማ ማወቅ አለባት። ለእሷ ዋናው ጥቅማ ጥቅም እሱ ነው።

ኢኮኖሚክስ ውስጥ ይህ «የመረጃ አለመመጣጠን» ይባላል፤ አንዱ ወገን ሁሉንም ያውቃል፣ ሌላው ይገምታል። ጉዳቱ ደግሞ ለአሠሪውም ይተርፋል። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ላይ ሠርተው በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአንድ የቢሮ ሥራ ለሚያመለክቱ ሰዎች ትንሽ ብር ሲሰጥ የተሻለ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች መጡ። ማመልከት ራሱ ውድ ከሆነ ጎበዞቹም ይቀራሉ ማለት ነው። ብላትማንና ደርኮን በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ሥራውን ለቀዋል። ሰው የሚለቅበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ያልጠበቀው ሥራና ያልጠበቀው ክፍያ ውስጥ የገባ ሰው ቶሎ መውጣቱ አይገርምም።

ቁጥር ሲጻፍም «የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?» የሚለው መታወቅ አለበት። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ10,000 ብር ደመወዝ ላይ 1,650 ብር ግብር ይቆረጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ነው። እጅ ላይ የሚገባው 7,650 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ ለጡረታ ማዋጣት አለበት። ይህን የማያዋጣ ድርጅት «ጥሩ ደመወዝ» ቢላችሁ ከወደፊታችሁ እየቀነሰ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈሉን እንዲገልጽ ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ እንዲሰጥ ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ይህ ሁሉ የሚመጣው ከተስማማን በኋላ ነው። እኛ የምንቸገረው ከዚያ በፊት ነው።

ድርጅቶች መልስ አላቸው። «ተፎካካሪ ሠራተኛ ይነጥቀናል»፣ «ነባር ሠራተኛ ያኮርፋል»፣ «እንደ ሰውየው ልምድ እንከፍላለን» ይላሉ። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ እስከዚህ ብለው ይጻፉ። ነባሩ ሠራተኛ አዲሱ የሚከፈለውን አይቶ የሚያኮርፍ ከሆነ ችግሩ ክፍያው ላይ እንጂ ማስታወቂያው ላይ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ እኮ ደረጃና ደመወዝ ጽፎ ይለጥፋል፤ በዚህ የተበተነ መሥሪያ ቤት የለም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አሠሪ ከቃለ መጠይቅ በፊት የመነሻ ደመወዙን ወይም ከስንት እስከ ስንት እንደሚከፍል እንዲያሳውቅ አዟል።

እኔ የምጠይቀው አምስት መስመር ነው፦ የድርጅቱ ስም፣ የሥራው ቦታ፣ ደመወዙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ጥቅማ ጥቅሙ (ትራንስፖርት፣ ቤት፣ ሕክምና፣ ጡረታ)፣ የሙከራ ጊዜው። የቴሌግራም ቻናል ባለቤቶችም እነዚህን ያላሟላ ማስታወቂያ አንለጥፍም ቢሉ ከየትኛውም መመሪያ ቀድመው ለውጥ ያመጣሉ።

እስከዚያው እናንተ ዝም አትበሉ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውሉ። ደመወዙ ስንት ነው? የተጣራ ነው? ጡረታ ይከፈላል? የሙከራ ጊዜው በአዋጁ ከተቀመጠው 60 የሥራ ቀን ይበልጣል? የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይጠበቃል? መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ፣ ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ አሠሪ ካጋጠማችሁ ቢያንስ የትራንስፖርቱ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ነው።