«ዛሬ አትገባም» የሚል መሪ ፈልጉ

ማቹ ፒቹን ለማየት ወደ ፔሩ የሚሄድ የአገር ልጅ ባገኘሁ ቁጥር ኩስኮ ሲደርስ አንድ ቀን ለወንዙ እንዲሰጥ እመክራለሁ። በጎማ ጀልባ የሚናጥ ውሃ ላይ መቅዘፍ ለጉልበተኛ ወጣቶች ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። ግን ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ነው። ዋጋ በመጨረሻ የሚጠየቅ ነገር ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጀልባውን የሚመራው ማን እንደሆነና «አይሆንም» የማለት ሥልጣን እንዳለው ነው።

ወንዙ ቪልካኖታ ይባላል። የሚነሳው የኩስኮና የፑኖ ክልሎች ከሚዋሰኑበት ከላ ራያ አካባቢ፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ኡሩባምባ ተብሎ በማቹ ፒቹ ሥር ያልፋል፤ ውሃው ዞሮ ዞሮ አማዞን ይገባል። የአንድ ቀኑ ጉዞ የሚካሄደው ከኩስኮ በስተደቡብ ቹኪካዋና እና ኩሲፓታ በሚባሉት ቦታዎች ነው። መንገዱ በዳቦዋ በታወቀችው በኦሮፔሳ በኩል ያልፋል፤ እዚያ ወርደን የገዛነው ሰፊ ክብ ዳቦ የእናቴን ድፎ አስታወሰኝ። ይህን ያህል ርቆ መሄድ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በኩስኮ ከተማ የሚያልፈው የኋታናይ ወንዝ የከተማዋን ፍሳሽ ይዞ ኋምቡቲዮ ላይ ከቪልካኖታ ይቀላቀላል። ጀልባ ላይ ደግሞ ውሃ አፍ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ከመገናኛው በላይ የሚወስድ ድርጅት ይመረጣል።

የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቹኪካዋና ላይ ያለው ውሃ በስድስት እርከን ከሚመደበው የወንዞች መለኪያ ሦስተኛና አራተኛው ላይ ይውላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዝናቡ ሲበረታ ወንዙ ይሞላል፤ ያኔ ጠንቃቃ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን ለስለስ ወዳለው ወደ ኩሲፓታ ያዞራሉ።

ከፍታውን በሚመለከት «እኛ ደገኞች ነን፣ ምን እንሆናለን» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ነገሩ መሠረት አለው። ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሄሞግሎቢን መጠን ዝቅ ባለ ምድር ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአንዲስ ደገኞች ግን ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው ጨምሮ ነው። ይህ ሁሉ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው ስለሚኖሩ ሰዎች የተባለ ነው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባን በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ትበልጣለች። አንድ ትንፋሽ የሚሰጠው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ዕድሜውን ሜሪላንድ የኖረ የጎጃም ልጅ ኩስኮ ሲወርድ እንደማንኛውም እንግዳ ያስተነፍሰዋል።

አሁን ወደ መሪያችን ልምጣ። ወንዙ ዳር ደርሰን ልብስ እንደቀየርን የእያንዳንዳችንን ላይፍ ጃኬት በሁለት ትከሻው ይዞ ሽቅብ ጎተተ። ወደ ጆሮ የወጣውን ፈትቶ እንደገና አጠበቀው።

«አክስቴ፣ መተንፈሻ አሳጣኝ እኮ» አለኝ የእህቴ ልጅ።

«ይሁን፣ ቻለው» አልኩት። ከተላላ ጃኬት ውስጥ ሰው ሾልኮ ይወጣል።

ከዚያ መሬት ላይ አስተኝቶ አለማመደን። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ይንሳፈፋል፤ እግሩ ወደ ፊት፣ የእግሩ ጣቶች ከውሃ በላይ። በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር ክልክል ነው፤ እግር ድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ ወንዙ ከኋላ ገፍቶ ይደፋል። አንድ እጅ ምንጊዜም ከመቅዘፊያው ጫፍ አይለቅም፤ ከለቀቀ የጎረቤትን ጥርስ ያወልቃል። «አዴላንቴ» ሲል ወደ ፊት፣ «አልቶ» ሲል ማቆም። ስድስታችንም እኩል እስክንቀዝፍ ድረስ ከረጋው ውሃ አላስወጣንም። ስንወርድ ደግሞ አንድ ባለ ካያክ ከፊታችን እየቀደመ፣ ከእያንዳንዱ አስቸጋሪ ቦታ ግርጌ ቆሞ ጠበቀን። የወደቀውን የሚያነሳው እሱ ነው። ዋጋ ለመጣል የሚፈልግ ሻጭ ደግሞ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ደመወዝ እንጂ ከፋይ መንገደኛ አያመጣምና።

ያን ጠዋት ከመካከላችን አንድ ጎልማሳ ነበር። በዋዜማው ከሊማ፣ ከባሕር ጠረፍ ማለት ነው፣ በአውሮፕላን የገባ፤ ራሱን እያመመው ሌሊቱን ሲያስመልሰው ያደረ። ጉዞውን የሸጠለት ሰው ስለ ጤናው አንድም ነገር አልጠየቀውም። መሪው ግን ጠየቀ። መልሱን ሰምቶ «ዛሬ አትገባም፤ በመኪናው ሄደህ መጨረሻው ላይ ትጠብቀናለህ» አለው። «ከፍያለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። ሾፌሩ ሊያማልድ ሞከረ። መሪው ወይ ፍንክች።

በመንገድ ላይ አንዳንዶቹ ጨካኝ ነው አሉት። አልስማማም። እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ «ምንም አይደል» ተብሎ የታለፈ ሕመም የት እንደሚያደርስ በሥራዬ አያለሁ። ከፍታ ላይ ራስ ምታትና ማስመለስ አብረው ሲመጡ ሰውነት ዕረፍት እየለመነ ነው። በረዶ ቀልጦ የወረደበት ውሃ ድንገት ደረትን ሲመታ ደግሞ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ለጤነኛው ከባድ የሆነ ነገር ለታመመው ምን ሊሆን ነው? ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። በየጀልባው እየሳቅን ስንወርድ የማይስቅ አንድ ሰው ያስፈልገናል፤ ገንዘባችንም ለእሱ ነው የሚከፈለው። ድርጅቶቹ በሕመም የቀረን ሰው ገንዘብ ቢመልሱ መሪዎቻቸው በሰላም ይወስናሉ፤ ይህን በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ መጠየቅ መብታችን ነው።

እንግዲህ የምትሄዱ ሁሉ፣ ኩስኮ ሁለት ሦስት ሌሊት ሳታድሩ ወንዝ አትግቡ። ከመክፈላችሁ በፊት ካያክ አብሮ ይሄድ እንደሆነ፣ መሪው ወንዙን ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራበት፣ ውሃው ቢሞላ ወዴት እንደሚወስዷችሁ ጠይቁ። የሚድበሰበስ መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ቢሮ አለ። ዋና የማትችሉ ደግሞ ሳታፍሩ ለመሪው ንገሩት፤ የት እንደሚያስቀምጣችሁ፣ ጭራሽ መግባት እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁም የሚያውቀው እሱ ነው።