ተራን መጠበቅ

ሰው ውጭ አገር ኖሮ ሲመለስ ስለ ፎቁና ስለ ባቡሩ፣ ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ እንዲያወራ ይጠበቅበታል። እኔም ለመምህርነት ሥልጠና ጃፓን አገር አንድ ዓመት ቆይቼ ስመለስ ጎረቤቶቼ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን የማጫውትህ በአንድ የመጫወቻ ሥፍራ ቆሜ ስለ ዋልሁበት ሰልፍ ነው። ሰልፍ ደግሞ ምን ይወራለታል ትል ይሆናል። ጥቂት ታገሠኝ፤ ነገሩ ወዳንተም መሥሪያ ቤት ይደርሳል።

ከቶኪዮ አጠገብ፣ ኡራያሱ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ በተገኘ መሬት ላይ፣ ቶኪዮ ዲዝኒላንድ የተባለው ሥፍራ ይገኛል። የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኤፕሪል 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን በካሊፎርኒያ በ1955 ከከፈተ ወዲህ፣ ከአሜሪካ ውጭ በስሙ የተሠራ የመጀመሪያው ሥፍራ ይኸው ነው። የተረት ቤተ መንግሥት፣ የወንዝ መርከብ፣ በተራራ ውስጥ የሚሮጥ ባቡር፣ ልጅ የሚመኘው ሁሉ አለበት።

እኔና በሥልጠና ላይ የነበረ አንድ ያገሬ ልጅ የሄድነው በሜይ 5 ቀን ነበር። ቀኑን ስንመርጥ ሞኝነታችን ገና አልተገለጠልንም። በዚያ አገር ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ በዓላት ተከታትለው ይውላሉ፤ ሜይ 5 ደግሞ የልጆች በዓል ነው። ስለዚህ ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ይዞ ወጥቷል። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን ያየ ሰው የሕዝቡን ብዛት ሊገምተው ይችላል። ገና የትርዒቱ ሰዓት ሳይደርስ ቤተሰቡ ሁሉ በመንገዱ ዳር ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ካሪ የሚሸት ፈንዲሻ ለመግዛት እንኳ ሰልፍ አለ።

ባልንጀራዬ ባቡሩ ላይ ካልተሳፈርሁ አለ። ከበሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የመጠበቂያው ጊዜ 120 ደቂቃ መሆኑን ይናገራል። ተሰለፍን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆምን ባልንጀራዬ አንገቱን አስግጎ ሲያይ፣ የቋንቋ ትምህርት አብረውን የሚማሩ ሁለት ልጆች እፊት ቆመዋል።

«ና እንሂድ፤ ከነሱ ጋር ነን እንላለን» አለኝ።

ሄድን። «ሱሚማሴን፣ ሱሚማሴን» እያልን፣ ማለትም ይቅርታ እየጠየቅን፣ መቶ ያህል ሰው አልፈን ከልጆቹ ዘንድ ደረስን። የተቈጣን ሰው አልነበረም። ከኋላችን ግን ስድስት ዓመት የሚሆነው አንድ ሕፃን አባቱን ቀና ብሎ አየና አንድ ነገር ጠየቀ። ቋንቋውን ለምጄ ስለ ነበር ገባኝ። «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን አለፉን?» ነበር ያለው። አባትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ አያውቁ ይሆናል» ብሎ መለሰለት።

አንባቢዬ፣ ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። እኛ እኮ እናውቃለን።

በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ የራሴ ነገር ነው። ለዚሁ ጉዞ ወረቀት ለማውጣት አዲስ አበባ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። አጎቴ ከውስጥ የሚያውቁት ሰው ስለ ነበራቸው በጓሮ በር ተጠርቼ ገባሁ፤ በሩብ ሰዓትም ጉዳዬን ጨርሼ ወጣሁ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ከጧት ጀምራ ከመስኮቱ ፊት ቆማ ነበር። ስወጣ አየችኝ። እኔም የማነብ መስዬ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልሁ። ለእርሷ «አያውቅ ይሆናል» የሚላት ሰው አልነበረም።

ባልንጀራዬን እጁን ይዤ ወጣሁ። «አብደሃል እንዴ?» አለኝ፤ ተከተለኝ ግን። ከሰልፉ ጭራ ስንደርስ ሰሌዳው 130 ደቂቃ ይላል።

ያን ጊዜ የሰልፉን አሠራር አስተዋልሁ። መንገዱ በገመድ ወዲያና ወዲህ ስለሚጠማዘዝ ሰው ጥቂት በጥቂት ይራመዳል እንጂ ተገትሮ አይቀርም። ዙሪያውን የሚታይ ነገር ስላለ ዓይን ሥራ አይፈታም። ከሁሉም በላይ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም አስቀድሞ ተነግሮታል።

ይህ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አግነር ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ፣ የስልክ ጥሪዎች በምን ሥርዓት እንደሚመጡ በሒሳብ መርምሮ በ1909 ጽሑፉን አወጣ፤ ዛሬ በሰልፍ ላይ የሚሠራው ሒሳብ ከዚያ ይነሣል። ዴቪድ ማይስተር የተባለውም ምሁር በ1985 በጻፈው ጽሑፍ፣ ልኩ ያልታወቀ መጠበቅ ልኩ ከታወቀው እንደሚረዝምና ፍትሕ የጎደለው መጠበቅም ፍትሕ ካለው እንደሚረዝም አስረድቷል።

እውነቱን ለመናገር በዚያም ሥፍራ ነገሩ ሁሉ እኩል አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው ለአንዳንዱ ጨዋታ አጭር የመጠበቂያ መንገድ ሊገዛ ይችላል። ይህን አልወደድሁትም። ቢሆንም ዋጋው በግልጽ የተነገረ ነው፤ የእኛ የጓሮ በር ግን ዋጋው አይጻፍም፤ የሚከፍለውም ከውጭ የቆመው ሰው ነው።

ባቡሩስ? ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ባልንጀራዬ እየጮኸ ወረደ፤ እኔም እንደዚያው።

እንግዲህ አንተ ትናንት ሥራ የጀመርህ ወጣት ጸሐፊ፣ ወይም ነገ የምትጀምር ተማሪ፣ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ አቃና አልልህም፤ ሥልጣኑም የለህም። መስኮቱ ግን ያንተ ነው። ለመጣው ሰው ሁሉ በቍራጭ ወረቀት ላይ ቍጥር ጽፎ መስጠት ትችላለህ። «ነገ ተመለስ» ከማለትህ በፊት ዶሴው የት እንደ ደረሰና በስንት ሰዓት ቢመጣ እንደሚያገኘው ልትነግረው ትችላለህ። ዘመድህ በጓሮ ሲጠራህም፣ «እሺ ጋሼ፣ ስንተኛ ነዎት?» ብለህ በትሕትና መጠየቅ ትችላለህ። ይቀየሙህ ይሆናል። እኔም ይህን ለአጎቴ በነገርኋቸው ቀን ቡናውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄደዋል።

ያችን ሴት አግኝቼ ተራዋን ልመልስላት አልችልም። ባለፈው ሰኞ ግን ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄጄ ከመስኮቱ ፊት ሦስት ሰዓት ቆምሁ። እግሬን አሞኛል፤ ጉዳዬም ገና አላለቀም። ሐሙስ እመለሳለሁ።