ውሻን ይዞ ለመስቀል ጕዞ

ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው፤ በዚያውም ዕለት የጦቢት ታሪክ ይታሰባል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋራ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው አብሮ መሄዱ ነው። ውሻው በመንገድ ምን እንደ በላ መጽሐፉ አይነግረንም። መልአክ መሪ ለሆነለት መንገደኛ ይህ ላያሳስብ ይችላል፤ ለመስቀል ወደ ዘመድ አገር ለምንወርድ ለእኛ ግን ከስንቁ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ቤተ ሰባችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወልቂጤ አጠገብ ወዳለ የዘመድ ቤት ሲወርድ ቦቢ የተባለውን ውሻችንን ይዘን ሄድን። መንገዱ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለልጆቹ አዲስ ልብስ ተገዝቶ ነበር፤ ለዘመዶቻችን ቡናና ስኳር ተቋጥሮ ነበር፤ ለውሻው ግን ከአንገቱ ገመድ በቀር የታሰበለት ነገር አልነበረም። የዋህ ነው በማለትም ክትባቱን ነገ ዛሬ ስንል አሳልፈነው ነበር።

መስከረም 16 ቀን ማታ ደመራው ተለኵሶ ልጆች ችቦ ይዘው ሲጮኹ፥ ቀኑን ሙሉ በመኪና ሲናወጥ የዋለው ውሻ ደንግጦ ከእንሰቱ ሥር ተወሸቀ። የቤቱ ልጅ፥ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን፥ ሊያባብለው እጁን ቢዘረጋ ጣቱን ነከሰው። ቍስሉ የምስር ፍሬ ያህል ነበር። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ፈውስ የማይገኝለት መሆኑን ለተማሪዎች ስናስተምር የኖርን ነንና ጕልበታችን ከዳን።

የልጁን እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብነው፤ ወዲያውም ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ መርፌውም ተጀመረለት። ውሻው ታስሮ 10 ቀን እንዲጠበቅ ታዘዘ፤ በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ታምሞ ይታያልና። አራት ቀን ያልነው ዕረፍት ዐሥር ቀን ሆነ። ክትፎው ቢቀርብም እኛ ቀን እንቈጥር ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት ልጁም ውሻውም ደኅና ሆኑ። የልጁ እናት አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ማታ ማታ ግን የልጃቸውን ግንባር በእጃቸው ሲዳስሱ እናይ ነበር።

ይህን በነሐሴ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሻ ሦስት ወር ከሞላው ጀምሮ ይከተባል፤ ከዚያም ክትባቱ በጊዜው ይታደሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያበጅ ሦስት አራት ሳምንት ያስፈልገዋልና፥ በነሐሴ አጋማሽ የተወጋ ለመስቀል ይደርሳል፤ መስከረም ከገባ በኋላ የሚወጋ ግን አይደርስም። ሉዊ ፓስተር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት አተረፈው፤ ፓስተር የሞተበት ዕለት፥ ሴፕቴምበር 28፥ ዛሬ የዚህ በሽታ መከላከያ ቀን ሆኖ በዓለም ይታሰባል። በእኛ ዘንድ ቀኑ ብዙውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል፤ እኛ ይህን ያወቅነው ውሻውን አስረን ስንጠብቅ ነው።

መኪና ያልለመደ ውሻ አስቀድሞ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይልመድ፤ ቀጥሎም በሰፈር ውስጥ ጥቂት ይዙር። በጕዞው ዕለት ከመነሣቱ ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ ጥቂት ይብላ፤ በመንገድ ውሃ ይጠጣ፤ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ እግሩን ያፍታታ። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ በፀሓይ ትቶ መሄድ ውሻውን መግደል ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቶቹን መጠየቅ ይገባል። የራሳቸው ውሻ፥ ዶሮዎች ወይም ታዳጊ ሕፃን ይኖሯቸው ይሆናል። ችቦው ሳይበራ ውሻው ከቤቱ የመጣለትን ጆንያ ይዞ ጸጥ ያለ ስፍራ ይግባ። ሽንኵርት የበዛበት ወጥ ደሙን ይጐዳዋል፤ የተቀቀለ የዶሮ ዐጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። ከታረደው በግ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ደግሞ ትሉን በውሻው በኩል ወደ ሰው ያመጣዋል። ለቅዳሴ ስንሄድም ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባምና ከቤት ይቈይ።

በአውቶቡስ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ውሻውን ለሚያውቀው ጎረቤት አደራ ቢሰጥ ይሻላል። የሦስት ቀን እንጀራ ባንድ ጊዜ ደፍቶ በሰንሰለት አስሮ መሄድ ግን አደራ መስጠት አይደለም።

ቦቢ ዘንድሮ ነሐሴ 5 ቀን ተከትቧል። እናትየው በስልክ ይዛችሁት ኑ ብለውናል፤ ልጁም አሁን ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ከደመራው ራቅ ካለው ክፍል ጆንያ እንዳነጠፈለት ነግሮናል።