ስለ ማዳበሪያ ማመላለስና በመጋዘን ደጅ ስለሚጠፋው ጊዜ

ማዳበሪያ ለገበሬ በሁለት መንገድ ሊቀርበት ይችላል። አንደኛው ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ሁለተኛው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲመጣ ነው። ሁለተኛው በመዝገብ ላይ «ደርሷል» ተብሎ ይጻፋል፤ በማሳው ላይ ግን ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም። በሐምሌ ጤፉን የሚዘራ ሰው ከዘሩ ጋራ የሚገባውን ማዳበሪያ በመስከረም ቢረከብ፣ ዋጋውን ከፍሎ ለከርሞ ከማስቀመጥ በቀር የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ይህም ዕቃ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ ከዚያም በጭነት መኪናና በምድር ባቡር ወደ መካከለኛ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በመጨረሻም በአህያ ጀርባ ወደ ገበሬው ቤት ይሄዳል። መዘግየት በተሰማ ቍጥር ከየወረዳው የሚጻፈው ደብዳቤ ቃሉ አንድ ነው፤ «መኪና ይጨመርልን» ይላል። ልመናው አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ነው። ነገር ግን መኪና ከመጨመሩ አስቀድሞ ያለው መኪና ስንት ሰዓት እንደ ሄደና ስንት ሰዓት እንደ ቆመ ሊመረመር ይገባል። ማራገፊያው ጠባብ ከሆነ፣ የተጨመረው መኪና ወረፋውን ከማስረዘምና የመቆያ ኪራይ ከማብዛት በቀር ሌላ ፍሬ አይሰጥምና።

የሥራን አካሄድ፣ የዕቃን ጕዞና የወረፋን ጠባይ በቍጥር የሚመረምረው ትምህርት ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ይባላል። ስሙ ለፋብሪካ ብቻ የተሠራ ያስመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ከሚጠቀምባቸው እውቀቶች አንዱና እጅግ የሚረባው የተገኘው ከፋብሪካ ሳይሆን ከስልክ ቤት ነው። አግነር ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ ሰው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ደዋዮች መስመር እስኪያገኙ ስለሚጠብቁት ጊዜ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጥናት አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) እርሱ የጀመረው ስሌት ለስልክ እንደ ሠራ ሁሉ ለመጋዘን በርም ይሠራል።

አንድ የመኪና ሚዛን ለአንድ መኪና በአማካይ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። መኪኖቹም ያለ ቀጠሮ እንደ አጋጣሚ ይመጣሉ፤ የሚዛኑም ሥራ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ሚዛኑ ከጊዜው እኩሌታውን ብቻ ሥራ ይዞ ቢውል፣ አንድ መኪና ተራው እስኪደርስ በአማካይ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ከዐሥር እጅ ስምንቱን ቢሠራ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ከዐሥር ዘጠኙን ቢሠራ 3 ሰዓት፣ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ቢሠራ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ሥራው በጥቂት ሲጨምር ወረፋው በብዙ ማደጉን ልብ ይሏል! ስለዚህ «ሚዛናችን ለቅጽበት እንኳ አያርፍም» ብሎ የሚመካ የመጋዘን ኀላፊ፣ ሳያውቀው የሚናገረው ስለ ሾፌሮቹ መከራ ነው። መድኀኒቱ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሚዛን መግዛት አይደለም፤ ለመኪኖቹ የመምጫ ሰዓት ከፋፍሎ መስጠት፣ ሰነዱንም መኪናው ሳይደርስ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ አንድ ብር ሳይወጣበት ወረፋውን ያሳጥረዋል።

የጥበቃውን ልክ ለማወቅም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አሜሪካዊው ጆን ሊትል በ1961 ዓ.ም. በማስረጃ ያጸናው ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚገኘው ብዛት በየቀኑ ከሚያልፈው ብዛትና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋራ እኩል ነው። በመጋዘኑ ግቢና በደጁ እንደ ወትሮው 60 መኪና ቆሞ ቢገኝ፣ በቀንም የሚራገፈው 20 ቢሆን፣ አንዱ መኪና በአማካይ ሦስት ቀን ይቆማል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማለዳ ወጥቶ መኪና የሚቈጥር አንድ ዘበኛ ይበቃል።

ጊዜ የሚጠፋው በመንገድ ሳይሆን በማውረድና በመጫን መሆኑን የዓለም ንግድም በብዙ ገንዘብ ተምሮታል። ማልኮም ማክሊን የሚባል የጭነት መኪና ባለቤት በሚያዝያ ወር 1956 ዓ.ም. 58 ኮንቴይነር በአሮጌ የነዳጅ መርከብ ላይ ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ላከ። በዚያ ዘመን ልቅ ዕቃ በሰው ጕልበት መርከብ ላይ ለመጫን በቶን 5.83 ዶላር ሲፈጅ፣ የርሱ አጫጫን ከ16 ሳንቲም በታች ሆኖ ተገኘ። መርከቡ ከሌሎች አልፈጠነም፤ የተቀነሰው የሰው እጅ ዕቃውን የሚነካበት ጊዜ ነው። የእኛ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ከወደብ እስከ ገበሬው ደጅ ስንት ጊዜ በትከሻ ላይ እንደሚወጣና እንደሚወርድ የቈጠረ ሹም ቢኖር፣ ከመጋዘኖቹ አንዱ ሊታለፍ እንደሚችል ያገኝ ይሆናል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። የሥራ ምርመራ በተጀመረበት ዘመን ፍሬድሪክ ቴይለር በቤትልሄም የብረት ፋብሪካ የአካፋን ሥራ መርምሮ፣ አንድ ሰው ብዙ ሥራ የሚሠራው በአንድ ጊዜ 21 ፓውንድ፣ ይኸውም ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ያህል ሲያነሣ ነው አለ፤ ለከባዱ ዕቃ ትንሽ አካፋ፣ ለቀላሉም ትልቅ አካፋ እንዲሰጥ አደረገ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን የርሱ ተከታዮች ሰዓት ይዘው በሠራተኛው ራስ ላይ መቆም በጀመሩ ጊዜ፣ በነሐሴ 1911 ዓ.ም. በወተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያሉ የብረት ቀላጮች ሥራ አቆሙ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም ነገሩን በኮሚቴ ከመረመረ በኋላ፣ ሠራተኛን በሰዓት መለካት በመንግሥት በጀት ሥራ እንዳይደረግ ከለከለ። ክልከላው እስከ 1949 ዓ.ም. ጸንቶ ኖረ።

ስለዚህ በመጋዘን ደጅ ሰዓት ሲያዝ የሚለካው ከረጢቱ እንጂ ጫኝና አውራጁ መሆን የለበትም። ማዳበሪያው ሦስት ቀን የቆመው ተሸካሚው ስለ ሰነፈ ሳይሆን የማስረከቢያው ወረቀት ፊርማ ስላላገኘ ከሆነ፣ ተሸካሚውን ማስሮጥ ግፍም ሞኝነትም ነው። ወረቀት የሚቆምበትን ጠረጴዛ መለካት ለሹማምንት ከሁሉ የከበደው ነው፤ ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ የራሳቸው ነውና።

የሚያስፈልገው ዋጋው ትንሽ ነው። በያንዳንዱ መጋዘን በር አንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ መኪናው የደረሰበት፣ ወደ ሚዛን የገባበት፣ ማራገፍ የጀመረበት፣ ባዶውን የወጣበት ሰዓት ይጻፍበት፤ የቆመም እንደ ሆነ ምክንያቱ በአንድ ቃል ይጨመርበት። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ለመመረቂያቸውም የሚጽፉበት ጕዳይ ይፈልጋሉ። የአንድ ወቅት መዝገብ ቢሰጣቸው ወረፋው የት እንደሚፈጠር በቍጥር ለማሳየት ይችላሉ። «መኪና ይጨመርልን» የሚለው ደብዳቤም ከዚያ በኋላ ቢጻፍ፣ መዝገቡ ከበታቹ ተያይዞ ይምጣ።